ቴሌግራም ቻናል ለተማሪዎች ማኅበር ልሳን፦ ግቢ ውስጥ ለሌለው አባል ምን ያህል ይበቃል?

የተማሪዎች ማኅበር አባል ሁሉ ዶርም ውስጥ አይገኝም። የማታ ተማሪ አለ፤ ክረምት ብቻ ግቢ የሚገባ መምህር አለ፤ በርቀት የሚማር አለ፤ ለተግባር ልምምድ ወረዳ የወረደ አለ፤ የመውጫ ፈተናውን በድጋሚ ለመፈተን ቤተሰቡ ዘንድ ሆኖ የሚያጠና አለ፤ ተመርቆ ክልል የሄደ፣ ባሕር የተሻገረም አለ። የማኅበሩ ልሳን የሆነው መጽሔት ሲዘጋጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ካፌ በር ላይ የሚያልፈው ተማሪ ነው። ለእሱ የማስታወቂያ ሰሌዳም ይበቃው ነበር። ሩቅ ላለው ግን ከማኅበሩ የሚደርሰው ነገር ልሳኑ ብቻ ነው።

ዛሬ አብዛኛው ማኅበር ልሳኑን የሚያሰራጨው በቴሌግራም ቻናል ስለሆነ እዚህ የምንመዝነውም እሱኑ ነው። ከአምስት ነጥብ አራቱን እንሰጠዋለን። አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ለአማርኛ ጽሑፍ ይመቻል፣ ማኅደርነቱም ጥሩ ነው። አንዷን ነጥብ የቀነስንበት አባላቱ እነማን እንደሆኑ በትክክል ስለማያሳውቅና ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ ነው። ከዚያ ውጪ የምናየው ድክመት ሁሉ ማለት ይቻላል ከአገልግሎቱ ሳይሆን ከአጠቃቀማችን የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን የምንሄድበት እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ከሌሎቹ ጋር እናስተያየው። ዋትሳፕ ግሩፕ እስከ 1024 ሰው ይይዛል፤ የእያንዳንዱ አባል ስልክ ቁጥር ግን ለሌላው ይታያል። ይህ በተለይ ሴት አባላትን ከግሩፕ የሚያስወጣ እውነተኛ ችግር ነው። በተለመደው አሠራር ዘግይቶ የገባ ሰው ቀድሞ የተጻፈውን አያገኝም። አንዱን መልእክት ለብዙ ሰው ለየብቻ የሚልከው የዋትሳፕ ብሮድካስት ደግሞ በአንድ ዝርዝር 256 ሰው ላይ ያቆማል፤ ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ ያልመዘገበ ሰው ጋም አይደርስም። ኢሜይል ውጭ አገር ላሉት አሁንም ጥሩ ነው፤ ነፃው ጂሜይል ግን በቀን ከ500 ተቀባይ በላይ አይልክም፣ ከ25 ሜጋባይት በላይ ፋይልም አያያይዝም። አባላት የሰጡት አድራሻ የዩኒቨርሲቲው ከሆነ ደግሞ ከምረቃ በኋላ ሊዘጋ ይችላል። ቴሌግራም ቻናል ለአባላት ቁጥር ጣሪያ የለውም፣ ተከታዮች እርስ በርስ አይተያዩም፣ ዛሬ የገባ ሰው ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ያለውን ሁሉ ያገኛል፣ የተሳሳተ ቀን ከወጣም ፖስቱን እዚያው ማረም ይቻላል። ቻናሉ ይፋዊ ከሆነ አፑን ያልጫነ ሰውም በብሮውዘር ያነበዋል፦ በሊንኩ ውስጥ ከቻናሉ ስም በፊት «ኤስ» የምትባለውን የላቲን ፊደልና ሰያፍ ጭረት ማስገባት ነው። ይህቺን መንገድ የሚያውቅ አድሚን ጥቂት ነው፤ ባሕረ ሰላጤው አገር ወይም አውሮፓ ሆነው ዋትሳፕ ብቻ ለሚጠቀሙ አባላት ግን ሊንኩን በዚህ መልክ መላክ ብዙ ያግዛል።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋት እንምጣ። ማኅበራት ጽሑፋቸውን በሁለት መንገድ ይገድሉታል፦ ማስታወቂያውን በፖስተር ሥዕል ላይ ጽፎ በመለጠፍና መጽሔቱን በኤ4 መጠን፣ 40 ሜጋባይት በሚመዝን ፒዲኤፍ በመጫን። ሥዕል ላይ ያለ ጽሑፍ አይፈለግም፣ አይገለበጥም፣ ማየት ለተሳናቸው አባላት ስልካቸው አያነብላቸውም፤ ፎቶ ሆኖ ሲላክ ስለሚጨመቅም ትንንሹ ፊደል ይደበዝዛል። የሞባይል ዳታ የሚቆጥብ አባል ደግሞ ሥዕልና ፋይል በራሱ እንዳይወርድ ዘግቶታል። እሱ የሚያየው የደበዘዘ አራት ማዕዘን ነው።

መፍትሔው ጽሑፉ ራሱ መልእክቱ ውስጥ እንዲነበብ ማድረግ ነው። ፋይሉ ለማኅደርና ለማተሚያ ይቀመጥ። ያለ ሥዕል የሚላክ አንድ መልእክት እስከ 4096 ቁምፊ ይይዛል፤ ከፎቶ ሥር የሚጻፈው መግለጫ ግን ፕሪሚየም ላልገዛ አካውንት 1024 ላይ ይቆማል። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ ይህ ለአማርኛ ጸሐፊ ሰፊ ቦታ ነው፦ 4096ቱ ወደ 700 ቃል፣ 1024ቱ ወደ 180 ቃል ያስኬዳል። አንድ ደህና የመጽሔት ጽሑፍ በአንድ ወይም በሁለት መልእክት ያልቃል ማለት ነው። አሠራሩ እንዲህ ቢሆን ይመከራል፦ እትሙ በወጣ ቀን ማውጫው ብቻ ይለጠፍና ከቻናሉ አናት ላይ ይሰካ (ፒን ይደረግ)፤ ከዚያ በየቀኑ አንድ ጽሑፍ እየተለጠፈ የእያንዳንዱ ሊንክ ማውጫው ላይ ይጨመር። ስድስት ጽሑፍ ያለው እትም ሳምንት ሙሉ ይነበባል። ሁሉም በአንድ ሌሊት ሲወርድ ግን የመጀመሪያው ብቻ ይነበብና ሌላው ያልፋል። መልእክት ቀድሞ ጽፎ ቀንና ሰዓት መወሰን ስለሚቻል የፈተና ሰሞን እንኳ ሰንሰለቱ መቆም የለበትም።

ፒዲኤፉንም ለስልክ ብላችሁ አዘጋጁት። ኤ4 ወረቀት 21 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ የተለመደ ስልክ ስክሪን ግን ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በ12 ነጥብ የፊደል መጠን የተጻፈው ስልክ ላይ እንደ 4 ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ አንባቢው እያጎላ ግራና ቀኝ ሲጎትት ሁለተኛው ገጽ ላይ ይተወዋል። ገጹን ኤ6 ማለትም 10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ዓምድ፣ ፊደሉን 13 ነጥብ ካደረጋችሁት ስልክ ላይ ወደ 9 ነጥብ ይጠጋል፤ ያለ ማጉላት ይነበባል። ለማተሚያ የሚሆነውን ኤ5 ከዚያው ጽሑፍ ማውጣት አያስቸግርም፤ ርእሶቹ በእጅ እየተወፈሩ ሳይሆን በጽሑፍ ማዘጋጃው ውስጥ ስታይል በሚባለው የቅርጽ መወሰኛ ከተሠሩ የገጹን መጠን ሲቀይሩ ሁሉም አብሮ ይስተካከላል። ፎቶዎቹን ሰነዱ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት አሳንሷቸው። በኤ6 ገጽ ሙሉ ስፋት ለሚገባ ፎቶ 700 ፒክስል ስፋት በቂ ነው፤ ከስልክ ካሜራ በቀጥታ የመጣው 4000 ሊሆን ይችላል፣ ያ 40 ሜጋባይት የሚመጣውም ከዚያ ነው። 16 ገጽ ያለው እትም ከ2 ሜጋባይት ካለፈ አንድ ያልተቀነሰ ፎቶ አለና ፈልጉት። ለፋይሉም «የመጨረሻ 3» የሚል ስም አትስጡት፤ የማኅበሩ ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ የእትም ቁጥር በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፍ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሌላ ሰው ስልክ ላይ የሚገኘው ያ ስም ብቻ ነው።

ፎንት ላይ አንድ ጠንቅ አለ። ግዕዝ ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ዛሬም የቀሩ አሉ። በእነሱ የተተየበ ጽሑፍ ወረቀት ላይ ያምራል፤ ገልብጣችሁ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉት ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅ ይሆናል፣ ፒዲኤፍ ውስጥ ሆኖም በፍለጋ አይገኝም። ለጸሐፊዎቻችሁ ከመጀመሪያው ኒያላ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ እንዲጠቀሙ ንገሯቸው። አጠራጣሪ ጽሑፍ ሲመጣ አንድ ዐረፍተ ነገር ገልብጦ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ በቂ ፈተና ነው።

ፍለጋን ካነሣን ዘንድ፣ ቴሌግራም ሀ፣ ሐንና ኀን አንድ አድርጎ አያይም። «ጸሐፊ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ፀሀፊ» ተብሎ የተለጠፈውን አያገኝም። የዝግጅት ክፍሉ አንድ ገጽ የፊደል ውሳኔ ይያዝ፤ ቢያንስ በሃሽታግ ላይ የሚገቡት ቃላት፣ ትራንስክሪፕት፣ ምዝገባ፣ ኮስት ሼሪንግ፣ መውጫ ፈተና፣ ሁልጊዜ በአንድ አጻጻፍ ይውጡ። በሁለት ቃላት መካከል ክፍት ቦታ ከገባ ሃሽታጉ እዚያው ይቆረጣል፤ በሥረ መሥመር ( _ ) አያይዙት። የሃሽታጎቹ ዝርዝር ከቻናሉ አናት ላይ ተሰክቶ ቢቀመጥ ከግቢ የወጣ ሰው «ኦርጅናል ዲግሪዬን እንዴት ላውጣ» ብሎ አድሚን ከመጠየቁ በፊት ራሱ ያገኘዋል።

ይዘቱን በተመለከተ አስተያየታችን ጠንከር ያለ ነው። ሩቅ ያለው አባል የግቢውን የእግር ኳስ ውጤት ማንበብ ያስደስተው ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነው። የምዝገባና የክፍያ ቀን፣ ሰነድ በውክልና ለማውጣት ምን እንደሚጠየቅ፣ የመውጫ ፈተና ድጋሚ መርሐ ግብር፣ የማኅበሩ ገንዘብ የት እንደዋለ፣ ምርጫ መቼ እንደሆነ። እያንዳንዱ እትም በእነዚህ ይጀምር፤ የፕሬዚዳንቱ መልእክት ከኋላ ይምጣ። ከዚያም ሩቅ ያሉት ራሳቸው ይጻፉ። በየአካባቢው አንድ ተወካይ ይሰየምና በየእትሙ ከ150 እስከ 200 ቃል እንዲልክ ይጠየቅ። «ስለ አካባቢህ ጻፍ» ሲባል ማንም አይጽፍም። «አዲስ ለተመደበ ሰው ቤት ኪራይ እንዴት ይገኛል? በሥራው ከተማርከው የረዳህ ትምህርት የቱ ነው? ባለፈው ወር ስንት አባላት ተገናኛችሁ?» ተብሎ ሲላክለት ግን መልሱ ይመጣል። ጽሑፍ የሚከብደው በድምፅ ይላክ፤ ዝግጅት ክፍሉ ይተይበዋል። ጽሑፍ ማስረከቢያው ቀን ከሕትመቱ ቢያንስ አሥር ቀን ይቅደም፤ ኔትወርክ የሚያገኘው ገበያ ቀን ከተማ ሲወጣ ብቻ የሆነ ሰው አለና።

ለንባብ ጊዜ ወይም ዓይን ለሌላቸው የድምፅ እትም ማውጣት ብዙዎች ከሚያስቡት ይቀላል። ንግግር ብቻ ስለሆነ በአንድ የድምፅ መስመር (ሞኖ)፣ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ኤምፒ3 ማድረግ በቂ ነው፤ በደቂቃ 240 ኪሎባይት፣ በ20 ደቂቃ ከ5 ሜጋባይት በታች ይሆናል።

ቀንና ሰዓት ሌላው የስሕተት ምንጭ ነው። «ጥቅምት 15 ከምሽቱ 2 ሰዓት ስብሰባ» የሚል ማስታወቂያ ዋሽንግተን ላለው አባል እንቆቅልሽ ነው። ሁለቱንም ቀን ጻፉ፦ ጥቅምት 15 ቀን 2018፣ ኦክቶበር 25። ጳጉሜን 6 ቀን ከነበረች በኋላ በሚመጣው ዓመት እስከ የካቲት ድረስ ልዩነቱ በአንድ ቀን እንደሚገፋም አትርሱ። ሰዓቱንም እንዲሁ። ኢትዮጵያ ሰዓቷን ስለማትቀይር ልዩነቱን የሚቀያይሩት በጋና ክረምት ሰዓታቸውን የሚቀይሩት አገሮች ናቸው፦ ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ ጀርመን 1 ወይም 2፤ እስራኤል በበጋ ከእኛ እኩል፣ በክረምት 1 ሰዓት ወደኋላ፤ ሳዑዲ ዓመቱን ሙሉ እኩል፤ ዱባይ 1 ሰዓት ወደፊት። ስለዚህ የአዲስ አበባው ምሽት 2 ሰዓት ዋሽንግተን ላይ እኩለ ቀን ወይም አንድ ሰዓት አለፍ ብሎ ነው፤ በሥራ ቀን ከሆነ አይመጡም፣ ቅዳሜ ይሁን።

አሁን ነጥብ ወዳስቀነሰው። ከፖስቱ ሥር ያለው የዕይታ ቁጥር ወደ ሌላ ቦታ የተላለፈውንም ቅጂ ስለሚቆጥር ግምት እንጂ የአባላት ቆጠራ አይደለም። አድሚን የተከታዮችን ዝርዝር ሲከፍትም የሚያየው የቅርብ 200 ሰዎችን ብቻ ነው። 1,500 ተከታይ ያለው ማኅበር ደብረ ብርሃን ያሉት አባላቱ ገብተው እንደሆነ ከቻናሉ ማወቅ አይችልም። ጥሩ ማለፊያ አለው፦ የግብዣ ሊንክ ለየብቻ መፍጠር ይቻላል፣ ለእያንዳንዱም ስም ይሰጠዋል፣ በእሱ የገባው ሰው ብዛትም ይታያል። ለየአካባቢውና ለየባቹ አንድ ሊንክ ክፈቱ። ወር ሙሉ ሦስት ሰው ብቻ ያስገባ ሊንክ የቱ ተወካይ ጋ መደወል እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ይህም ሆኖ የአባላት መዝገብ ከቴሌግራም ውጪ ይያዝ፦ ስም፣ ባች፣ ከተማ፣ ስልክ፣ በምን መቀበል እንደሚመርጥ። መዝገቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታደስ፤ ሲም የሚቀይር ሰው ብዙ ነው።

የቻናሉ ባለቤትነት ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ነው። የተማሪ ማኅበር አመራር በየዓመቱ ይመረቃል። ቻናሉን በግል ስልኩ የከፈተው ልጅ ሄዶ፣ ሲሙ ተዘግቶ፣ አካውንቱም ለረጅም ጊዜ ሳይከፈት ከቆየ በራሱ ሲሰረዝ ቻናሉ ባለቤት አልባ ይቀራል። የቀሩት አድሚኖች የተሰጣቸውን ያህል መለጠፍ ይችሉ ይሆናል፤ ባለቤትነቱን ለሌላ ማስተላለፍ ግን አይችሉም። በመጨረሻ አዲስ ቻናል ይከፈትና ሩቅ ያሉት አሮጌው ላይ ይቀራሉ። ግቢ ያለው አዲሱን ሊንክ በአንድ ቀን ይሰማል፤ እነሱ ግን ላይሰሙ ይችላሉ። ርክክቡ እንዲህ ይሁን። ባለቤቱ አካውንት ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለው የይለፍ ቃል ይከፈት፤ ይህ ከተከፈተ 7 ቀን ካልሞላው ቴሌግራም ዝውውሩን አይፈቅድም። የሚያስረክበው ሰው በያዘው ስልክ ላይ ከገባ ቢያንስ 24 ሰዓት መሙላት አለበት። ተረካቢው መጀመሪያ አድሚን ይደረግ፣ ሁሉም ፈቃድ ይሰጠው፣ ከዚያ ከፈቃዶቹ ዝርዝር ግርጌ ባለቤትነትን ማስተላለፊያው ይመጣል፣ የይለፍ ቃል ተጠይቆ ያልቃል። እነዚህ ቀናት ስላሉ ርክክብን የምረቃ ሳምንት ላይ ማሰብ ዘግይቷል፤ ከአንድ ወር በፊት ይጀመር፣ በቃለ ጉባኤም ይመዝገብ። ለመለጠፍ ብቻ የሚያስፈልጉት ደግሞ የመለጠፍና የማረም ፈቃድ ብቻ ይሰጣቸው፤ አድሚን የመሾም ፈቃድ ከሁለት ሰው አይበልጥ።

ኮሜንት መክፈት ይቻላል፤ አንድ ግሩፕ ከቻናሉ ጋር ማያያዝ ነው። የሚቆጣጠር ሰው ከሌለ ግን ባይከፈት ይሻላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሥራ ማስታወቂያና የማጭበርበሪያ ሊንክ ይሞላዋል።

የመጨረሻው ኔትወርክ የሌለ እንደሆነ ነው። በየካቲት 2015 ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያ በአገሪቱ ተገድቦ ለአምስት ወር ያህል ያለ ቪፒኤን አይከፈትም ነበር። በትግራይ ከጥቅምት 2013፣ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። በቴሌግራም ብቻ የሚሠራ ልሳን በእንዲህ ያለ ጊዜ ይበልጥ ለሚያስፈልገው ሰው አይደርስም። ስለዚህ ሁለት ተጠባባቂ መንገድ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

አንዱ ወረቀት ነው። የእኛ ፖስታ በአብዛኛው በፖስታ ሳጥን ስለሚሠራ ሳጥን ለሌለው ተመራቂ መላክ አይቻልም፤ ፋይሉን ወይም አንድ ቅጂ ለተወካዩ አድርሶ እዚያው ማባዛት ይቀላል። የገጹ ብዛት በ4 የሚካፈል ይሁን፦ 8 ገጽ ኤ5 ማለት ሁለት ኤ4 ወረቀት፣ በሁለቱም በኩል። 20 ቅጂ ለማውጣት 40 ወረቀት ይበቃል። ሲታተም «ቡክሌት» የሚለው ተመርጦ ወረቀቱ በአጭሩ ጠርዝ በኩል እንዲገለበጥ ይደረግ፤ በረጅሙ ከተገለበጠ የጀርባው ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ወረቀት የሚባክነውም በብዛት በዚህ ነው። ከጽሑፍ በስተጀርባ ቀለም አታድርጉ፤ ኮፒ ሲደረግ ይጠቁራል። በመካከለኛው እጥፋት በኩል 2 ሴንቲ ሜትር ኅዳግ ይተው።

ሌላው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ አንዱ መልእክት 70 ቁምፊ ብቻ ይይዛል፤ በላቲን 160 ስለሆነ ብዙዎች ወደ ላቲን ይሸሻሉ፣ አንባቢው ግን ቃሉን ለመለየት ይቸገራል። ከ70 ካለፈ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል 67 ቁምፊ ይይዛል፣ ሒሳቡም በክፍሉ ብዛት ይቆረጣል። የሚከተለው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 52 ቁምፊ ነው፤ በአንድ መልእክት ይሄዳል፦ «የጥር እትም ወጥቷል። ምዝገባ እስከ ጥር 20 ተራዝሟል። ዝርዝሩን ከተወካዩ ያግኙ።»